ጨጓራ ሲጠብ ገበታው እንዴት ይሁን? ክብደት ለመቀነስ ከሚደረግ ቀዶ ጥገና በፊትና በኋላ ስላለ አመጋገብ

ባይፓስ በሚባለው ቀዶ ጥገና ከላይ ተለይቶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚገናኘው የጨጓራ ከረጢት የሚይዘው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ሰርግ ቤት አክስት ጠቅልላ የምታጎርሰው አንድ ጉርሻ ብቻውን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ታካሚው ከሐኪም ቤት የሚቀበለው የአመጋገብ መመሪያ ግን ጉርሻን አያውቅም። የተጻፈው በግል ሳህን፣ በሹካና በቢላ፣ በዳቦ ቁራሽና በኩባያ ልክ ለሚበላ ሰው ነው። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ወይም ፍራንክፈርት የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህን ወረቀት ይዞ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው የጋራ ገበታ ነው። የዓመቱን ግማሽ ያህል ይጾም ይሆናል፤ እንግዳ ሆኖ በሄደበት ሁሉ ደግሞ «በሞቴ ብላ» ይባላል። መመሪያውን ከኑሮው ጋር ማስታረቁ ለራሱ ተትቷል።

ስለዚህ ይህ ዳሰሳ ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ ይነሳል። ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ ስለ አመጋገብ ከሚነገረው ውስጥ በጥናት የጸናው የትኛው ነው? በልምድ ብቻ የቆመውስ? የጸናው በእኛ ገበታ ላይ እንዴት ሊውል ይችላል? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀዶ ጥገናው የሚለውጠውና የማይለውጠው

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1954 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከትንሹ አንጀት ብዙውን ክፍል ምግብ እንዳያልፍበት የሚያደርግ ቀዶ ጥገናን በጽሑፍ አወጡ። ክብደት ቀነሰ፤ ግን የማያቋርጥ ተቅማጥና የጉበት ጉዳት ስላስከተለ ከጊዜ በኋላ ተተወ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ሜሰን በጨጓራ ቁስለት ምክንያት የጨጓራቸው ክፍል የተቆረጠ ሕሙማን መክሳታቸውን ልብ ብሎ የባይፓስን መሠረት ጣለ። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው ስሊቭ የሚባለው ነው። ከጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና እንደ ቱቦ የጠበበ ጨጓራ ይቀራል።

ለረጅም ጊዜ ሰው የሚከሳው ቦታ ስለሌለው ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች ግሬሊን የተባለውን ሆርሞን ካገኙ በኋላ ግን ሌላ በር ተከፈተ። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ይህ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በስሊቭ ተቆርጦ ከሚወጣው የጨጓራ ክፍል ነው። ምግብ ወደ አንጀት ቶሎ ሲወርድ ደግሞ ጥጋብን የሚያበስሩ ሌሎች ሆርሞኖች ከፍ ይላሉ። ብዙ ታካሚዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ የለም የሚሉት፣ አንዳንዶቹም ጣፋጭና ቅባት ይሰለቻቸዋል የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ጸጥታ ዘላቂ አለመሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ የረሃብ ስሜቱ በከፊል ይመለሳል። ከ1987 ጀምሮ በስዊድን የተካሄደው ትልቅ ጥናት በባይፓስ የታከሙት በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ከክብደታቸው 32 በመቶ ያህል ቀንሰው፣ በአሥረኛው ዓመት የቀረው ቅናሽ 25 በመቶ መሆኑን በ2007 አሳይቷል። ቅናሹ ትልቅ ነው፤ በዚያ ጥናት የታከሙት ሰዎች የሞት አደጋም ካልታከሙት ያነሰ ነበር። የተመለሰው ክብደትም ግን እውነት ነው። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ለታካሚው የሚሰጠው ረሃብ ጋብ ያለበት ጥቂት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ የተለመደ አበላል ረሃቡ ሲመለስም አብሮ ይቆያል፤ ያልተለመደው በኋላ ቢፈለግ እጅግ ይከብዳል።

ከቀዶ ጥገናው በፊት

ማን ይታከም የሚለው መመዘኛ ሰፍቷል። በ1991 በአሜሪካ የወጣው ስምምነት ክብደትን በቁመት የሚመዝነው ቢኤምአይ 40፣ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት ደግሞ 35 እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። በ2022 የወጣው የዓለም አቀፍ ማኅበራት መመሪያ ወደ 35 አወረደው፤ ስኳርና መሰል ሕመም ላለበት ሰው ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ እንደሚችልም ገለጸ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪው የሩቅ ወሬ አይደለም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ሰዎች መካከል የስኳር በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መበራከቱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ስለሚደረግ አመጋገብ ሲነገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። የመጀመሪያው ጉበትን የማሳነስ አመጋገብ ነው። ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው ጉበቱ ስብ ስለሚይዝ ይተልቃል፤ ጨጓራው ደግሞ ከጉበቱ ግራ ክፍል ሥር ነው። ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ መሣሪያ አስገብቶ ሲሠራ ጉበቱ እንዲነሳለት ያስፈልጋል፤ ትልቅና በቀላሉ የሚደማ ከሆነ ሥራው ይከብዳል። ለዚህ ሲባል ለሁለት ሳምንት ያህል፣ አንዳንዴም ለአራት፣ በቀን ከ800 እስከ 1,200 ካሎሪ ብቻ፣ በፕሮቲን የበለጸገና ስታርችና ስኳር ያነሰበት ምግብ ይታዘዛል። ይህ ልማድ ጥናት ያለው ነው። በ2006 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት ለ12 ሳምንት በዚህ ዓይነት አመጋገብ የቆዩ ሰዎች የጉበታቸው መጠን በ19 በመቶ ገደማ መቀነሱን፣ ከዚህ ቅናሽም 80 በመቶ ያህሉ የተገኘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መሆኑን በምስል አሳይቷል። ከሁለት ሳምንት በላይ ማስጨነቅ ብዙ ትርፍ የለውም ለሚሉ ሐኪሞች ይህ ጥሩ ማስረጃ ሆኗል።

ሁለተኛው ቀዶ ጥገናው ከመፈቀዱ በፊት ይህን ያህል ኪሎ ቀንስ የሚለው ግዴታ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ የጤና መድን ድርጅቶች ታካሚው ለወራት በክትትል እንዲቀንስ ይጠይቃሉ። የአሜሪካ የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ይህን ግዴታ የሚደግፍ በቂ ማስረጃ እንደሌለ፣ ይልቁንም ሕክምናውን እንደሚያዘገይና ሰዎችን ከመንገድ እንደሚያስቀር ገልጿል። ማኅበሩ ትክክል ይመስላል። መቀነስ ስላልቻለ ለሕክምና የመጣን ሰው ካልቀነስክ አትታከምም ማለት አመክንዮ የለውም።

ጉበትን በማሳነሱ አመጋገብ ወቅት ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም ስኳርን የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ሳያስተካክል መጀመር የለበትም። ምግቡ አንሶ መድኃኒቱ በነበረበት ከቀጠለ ስኳሩ አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒትም እንደዚሁ መታየት አለበት።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ያለው ጊዜ ከሚቀነሰው ኪሎ ይልቅ የሚጠቅመው የልምምድ ጊዜ በመሆኑ ነው። በፊት ዝግ ብሎ መብላትን፣ በደንብ ማኘክን፣ ከምግብ ጋር አለመጠጣትን፣ ለስላሳንና ስኳር የበዛበትን ሻይ መተውን የጀመረ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ሁሉም ነገር አንድ ላይ አይወርድበትም። በእኛ ቤት አንድ ልምምድ ይጨመራል፦ ለራስ ትንሽ ሳህን ማውጣት፤ ይህንንም ከቀዶ ጥገናው በፊት ቤተሰቡ እንዲለምደው ማድረግ። በጋራ ገበታ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ ለብቻ ሲወጣ ግን ልኩ ይታያል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ምግብ በደረጃ ይወፍራል። የቀን አቆጣጠሩ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ጠራ ያለ ፈሳሽ ብቻ ይሰጣል፦ ውሃ፣ የተጣራ የአጥንት መረቅ፣ ስኳር የሌለው ቀጭን ሻይ፤ ይኸውም በጉንጭ በጉንጭ እየተባለ። እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወተት፣ ቀጭን እርጎ፣ የተፈጨ ሾርባና የፕሮቲን ዱቄት የተበጠበጠበት መጠጥ ይቀጥላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የላመ ምግብ ይመጣል። የኛ ጓዳ እዚህ ላይ አያሳፍርም፦ በርበሬ ያልበዛበት ቀጠን ያለ ሽሮ፣ የተፈጨ ምስር አልጫ፣ አይብ፣ የተፈጨ ዶሮ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል ለስላሳ ምግብ ይከተላል፤ እንቁላል፣ ዓሣ፣ በደንብ የበሰለ ድንችና ካሮት። ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ መደበኛው ምግብ ይደረሳል።

እዚህ ላይ ከደግነት የሚመጣ ችግር አለ። በአገራችን ከሆስፒታል የወጣን ሰው እንደ አራስ መንከባከብ የቆየ ወግ ነው። ጎረቤት ቅቤ ያጠገበው ገንፎ፣ ማር የገባበት አጥሚት ይዞ ይመጣል። ለዚህ ታካሚ ግን ገንፎ በጠበበው ጨጓራ መውጫ ላይ ተሰብስቦ ሊያስታውክ ይችላል። አጥሚት ቀጭን ቢሆን ያልፋል፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ ጥቂት፣ ስኳርና ቅቤው ብዙ ነው። ሊጠይቅ ለሚመጣ ሰው መረቅና እርጎ አምጡልን ብሎ መናገር ነውር መሆን የለበትም።

መደበኛው ምግብ ሲመጣም አንዳንዱ በቀላሉ አይወርድም። በብዙ ጥናቶች ላይ ታካሚዎች በተደጋጋሚ የሚያነሷቸው ጠጣር ቀይ ሥጋ፣ ለስላሳ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ናቸው። እንጀራም ለስላሳና ሊጥ መሰል ስለሆነ ከእነዚህ ጋር መመደቡ ምክንያታዊ ነው። ደረቅ ጥብስ ደግሞ ከቀይ ሥጋው ወገን ነው። ይህ ማለት ለዘላለም ይከለከሉ ማለት አይደለም፤ በጥቂቱና በመጨረሻ ይግቡ ማለት ነው።

ሕጎቹና ማስረጃቸው

ከሁሉም ሕጎች ጠንካራው የፕሮቲን ሕግ ነው። መመሪያዎቹ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይጠይቃሉ። ሰው በፍጥነት ሲከሳ ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ይጠፋል፤ ፕሮቲን ሲያንስ ጥፋቱ ይብሳል፣ ፀጉርም ይረግፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ፕሮቲን፣ ከዚያ አትክልት፣ በመጨረሻ እንጀራ ወይም ዳቦ ነው። የእኛ አበላል ይህን ይገለብጠዋል። እንጀራ ሳህንም ማንኪያም ነውና እያንዳንዱ ጉርሻ በእሱ ይጀምራል። ወጡን በማንኪያ፣ እንጀራውን ለብቻ በትንሹ መብላት ባዕድ ቢመስልም ከሁሉ የላቀው ማስተካከያ ይህ ነው።

ከምግብ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይጠጡ መቆየት፣ አንድን ጉርሻ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ማኘክ፣ ለአንድ ምግብ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መውሰድ በሁሉም ወረቀት ላይ የሚገኙ ሕጎች ናቸው። እነዚህ በጥናት ከመፈተን ይልቅ በሐኪሞች ልምድ የቆሙ ናቸው። ሆኖም ጉዳት የላቸውም፤ የሚያስታውከው ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ወይ ቸኩሎ አለዚያም ሳያኝክ መዋጡ ይገኛል። ቁጥሩን ሳያመልኩ ልማዱን መያዝ ይበቃል። ውሃ ግን በቀን 1.5 ሊትር ያህል በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት አለበት። ድርቀት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታካሚዎችን ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱ ምክንያቶች አንዱ ነው። አምቦ ውሃና ቢራ ጋዝ ስላላቸው ጠባቡን ጨጓራ ይነፋሉ።

ከባይፓስ በኋላ፣ አንዳንዴም ከስሊቭ በኋላ፣ ስኳር የበዛበት ነገር ዳምፒንግ የሚባለውን ችግር ያመጣል። በበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይይዛል፤ ምግቡ ሳይላም ወደ አንጀት በመውረዱ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ የሚመጣው ሌላ ዓይነት ደግሞ ስኳሩን ለመቋቋም ኢንሱሊን ከመጠን በላይ ስለሚወጣ የደም ስኳርን ያወርዳል፤ መንቀጥቀጥና ራስ መሳት ያስከትላል። ጭማቂ፣ ማር፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ የታወቁ ቀስቃሾች ናቸው።

ቫይታሚንና ማዕድን ላይ ክርክር የለም። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲና ታያሚን ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ። በአሜሪካ መመሪያ መሠረት የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል፤ ካልሲየም ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ነው። ሁለቱ በመምጠጥ ይሻማሉና ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይለያዩ። ሻይና ቡናም ብረትን ስለሚይዙ ክኒኑን በቡና ሰዓት መዋጥ ከንቱ ነው። ጤፍ ብረት አለው ብሎ ክኒኑን መተውም አያዋጣም። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ ከእህሉ የሚገኘውንም ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። ለቀናት ሳያቋርጥ የሚያስታውክ ሰው ደግሞ በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ታያሚን በሳምንታት ውስጥ አልቆ ነርቭንና አእምሮን ሊጎዳ ይችላል።

የፆም ጥያቄ

ብዙዎቹ መመሪያዎች የማይነኩት ይህን ነው። ሒሳቡን እንሥራ። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚበላው ግማሽ ኩባያ አካባቢ ነው። ሦስት ጊዜ ምስር ብቻ ቢበላ 27 ግራም አገኘ፤ ከሚያስፈልገው ግማሹም አይሞላም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከዋለ ደግሞ ሦስት ጊዜ መብላትም ሆነ 1.5 ሊትር ውሃ መጠጣት አይችልም። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ መሆኑና ባይፓስ ራሱ የቢ12ን መምጠጥ መቀነሱ ሲታከሉ ጉድለቱ እጥፍ ይሆናል።

ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ፆሙን ማቅለሏ የታወቀ ነው። ችግሩ ታካሚው ራሱን እንደታመመ አለመቁጠሩ ነው፤ ክብደቱ እየቀነሰ፣ ሰው ሁሉ አማረብህ እያለው ታምሜአለሁ ማለት ይከብደዋል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ጉዳዩን ለንስሐ አባት ማስረዳት ከመድኃኒት ማዘዣ ያላነሰ ዝግጅት ነው። ወራት አልፈው መጾም የሚፈልግ ሰው ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄትና የአኩሪ አተር ወተት ይረዱታል፤ ሁለቱም የፆም ናቸው። ረመዳንን ለሚጾሙም ብዙ ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹ ወራት ሳያልፉ እንዳይጾሙ ይመክራሉ፤ እስልምናም ለታመመ ሰው መንገድ ከፍቷል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ውለው ማታ ሙሉ ሳህን ፊት መቀመጥ ለጠባብ ጨጓራ ሁለት ፈተና ነው።

ዓመታት ሲያልፉ

ክብደት የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ትልቅ ማዕድ ተበልቶ አይደለም። ጨጓራው ትልቅ ማዕድ አይቀበልም፤ ትንሽ ትንሽ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ይቀበላል። በጥናቶች ላይ ከክብደት መመለስ ጋር ከተያያዙት ልማዶች አንዱ ይህ መቃመስ ነው። በእኛ ቤት ስሙ ቆሎ ነው፣ ፈንዲሻ ነው፣ በቡና ሦስት ዙር ላይ የሚቀርብ ዳቦ ነው፣ ወጥ እየሠሩ መቅመስ ነው። በብዙ አገሮች ከታካሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በብዙ ቤትም ምግብ የምታበስለው እሷው ነች። ስለዚህ ይህ የኋለኛው ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው አልኮል ነው። ከባይፓስ በኋላ አልኮል በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ በፊት የማያሰክር መጠን ያሰክራል። በ2012 ከአሜሪካ የወጣ ጥናት 1,945 ታካሚዎችን ተከታትሎ የአልኮል ችግር ያለባቸው ከቀዶ ጥገናው በፊት 7.6 በመቶ፣ በአንደኛው ዓመት 7.3 በመቶ፣ በሁለተኛው ግን 9.6 በመቶ መሆናቸውን ገልጿል። ጠጅና ጠላ ከዚህ ውጭ አይደሉም። በቤታችን እንደ ተራ ነገር የሚዋጡት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ከባይፓስ በኋላ ቁስለት ያመጣሉ። ልጅ የምትፈልግ ሴት ከ12 እስከ 18 ወር እንድትቆይ ትመከራለች፤ ፅንሱ ከእናቱ መክሳት ጋር እንዳይሻማ ነው።

በ2021 ሴማግሉታይድ፣ በ2023 ደግሞ ቲርዜፓታይድ በአሜሪካ ለውፍረት ሕክምና ከተፈቀዱ ወዲህ ብዙ ሰው ቀዶ ጥገናን ትቶ ወደ መርፌ እየሄደ ነው። የአመጋገቡ ጥያቄ ግን አልቀረም። መርፌውም ረሃብን ያበርዳል፣ ጡንቻን ሊያሳጣ ይችላል፣ ሲቆምም ረሃቡ ይመለሳል። ፕሮቲንን ማስቀደም፣ ውሃን መጠበቅና በዝግታ መብላት ለሁለቱም ይሠራሉ።

ምን ይደረግ?

ማስረጃውን ሁሉ ስናሰባስብ ጽኑ የሆኑት ጥቂት ናቸው፦ የሁለት ሳምንት የጉበት ዝግጅት፣ በቀን 60 ግራም ፕሮቲን፣ በቂ ውሃ፣ የዕድሜ ልክ ቫይታሚን፣ ከስኳርና ከአልኮል መጠንቀቅ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ምርመራ። የማኘክና የደቂቃ ቁጥሮቹ ግን የልምድ ምክር ናቸው፤ ቢጠብቋቸው ጥሩ፣ ቢያዛንፏቸውም ጥፋት አይሆንም። ታካሚውን በሃያ ሕግ ከማስጨነቅ እነዚህን ስድስቱን አጥብቆ ማስያዝ ይሻላል።

አሁን ያለው ትልቁ ክፍተት ምክሩ የሚሰጠው ለታካሚው ብቻ መሆኑ ነው። በእኛ ቤት ግን የሚበላውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ታካሚው ለብቻው አይደለም። አብሳዩ፣ አጉራሹ፣ ጠያቂውና የንስሐ አባቱ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ የሥነ ምግብ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀጠሮ ቤት ውስጥ ማን ያበስላል፣ ከማን ጋር ትበላለህ፣ ትጾማለህ ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ አብሳዩም በቀጠሮው ላይ ይገኝ። አማርኛ ተናጋሪዎች የሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች ሽሮና አይብን፣ እንጀራና ቆሎን በስማቸው የሚጠራ አንድ ገጽ ወረቀት ቢያዘጋጁ ወጪው ከአንድ ቀን የሆስፒታል አልጋ ያነሰ ነው። እስከዚያው ድረስ ታካሚው ይህን ሥራ ራሱ ይጀምር፤ ረሃቡ ጋብ ባለበት በመጀመሪያው ዓመት ቤተሰቡን አስከትሎ ካልለመደው፣ ረሃቡ ሲመለስ ብቻውን አይችለውምና።